«የመረጥኳት ተመልሳ ስለሄደች ነው»

የእህቴ ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው የትምህርት ዘመን መምህሯ «አርአያዬ የምለው ሰው» በሚል ርዕስ ድርሰት እንዲጽፉ ሲያዝ፣ አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቿ ሐኪም፣ የጠፈር ተመራማሪ፣ የነጻነት ታጋይ ወይም የገዛ እናታቸውን መረጡ። እርሷ የመረጠችው ድምፃዊቷን ሪሃናን ነበር። ድርሰቱ ነጥብ ሳይሰጠው ተመለሰላት፤ በኅዳጉም ላይ «ለወጣት ሴት የሚሆን መልካም አርአያ መርጠሽ እንደገና ጻፊ» የሚል ማሳሰቢያ ሰፍሮበት ነበር። ልጅቷ እንደገና አልጽፍም አለች። እናቷም «አንቺን ትሰማሻለችና እባክሽ አነጋግሪልኝ» ብላ ደወለችልኝ።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ፤ ከመምህሩ ማሳሰቢያ ሥር ያለው እምነት። ገላዋን ገልጣ መድረክ ላይ የምትቆም፣ ሌላው በሹክሹክታ የሚያወራውን በአደባባይ የምትዘፍን፣ ሆን ብላ ሰው የምታስቆጣ ሴት ለልጆች ማስጠንቀቂያ እንጂ አርአያ ልትሆን አትችልም የሚል እምነት ነው። እህቴም ይህንኑ ታምናለች። የማከብራቸው ብዙ አስተዋይ ሰዎችም ያምናሉ፤ ምክንያታቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እኔ ግን ሦስት ገጽ በምትሞላ የልጅ ድርሰት ምክንያት ጉዳዩን ከሥሩ እንዳየው ተገደድኩ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ።

ሦስተኛው ገጽ

ከልጅቷ ጋር ከመነጋገራችን በፊት ድርሰቱን እንድታስነብበኝ ጠየቅኋት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ከጠበቅሁት የራቁ አልነበሩም። ሮቢን ሪሃና ፌንቲ እ.ኤ.አ. በ1988 ባርቤዶስ በተባለችው የካሪቢያን ደሴት አገር መወለዷን (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የአባቷ የዕፅ ሱስ የልጅነት ቤቷን ማመሱን፣ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቷ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ፊት ቀርባ መዝፈኗን፣ ከዚያም ውል መፈረሟን ጽፋለች። በ2017 የጀመረችው የመዋቢያ ኩባንያ ገበያ ላይ ሲወጣ የፊት ቅባቱን በ40 የቆዳ ቀለም ዓይነቶች ማቅረቡንና ሌሎች አምራቾች ችላ ብለዋቸው የቆዩትን ጠቆር ያሉ ሴቶች ማስታወሱንም ጠቅሳለች። በ2012 በሴት አያቷና በወንድ አያቷ ስም የመሠረተችውን በጎ አድራጎት ድርጅት፣ በትውልድ አገሯ ሆስፒታል ውስጥ በአያቷ ስም የተሰየመውን የካንሰር ሕክምና ማእከል አልረሳችም። ይህ ሁሉ በሚገባ የተጠና ነበር፤ ማንኛውም ተማሪ ስለ ማንኛውም ባለጸጋ ሊጽፈው የሚችል ዓይነትም ነበር።

ሦስተኛው ገጽ ግን ሌላ ነበር። ርዕሰ ጉዳዩ በፌብሩዋሪ 2009 በግራሚ ሽልማት ዋዜማ ሌሊት የደረሰባት ድብደባ ነው። የያኔው የፍቅር ጓደኛዋ፣ ድምፃዊ ክሪስ ብራውን፣ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላትን ሪሃናን ክፉኛ ደበደባት፤ ያበጠና የቆሰለ ፊቷን የሚያሳየው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዷ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ሰውየው በዚያው ዓመት ጥፋተኛነቱን አምኖ የአምስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ተወሰነበት። የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ከተረከች በኋላ፣ ሪሃናን የመረጠችው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ጽፋ ነበር።

እኔም ቆም ብዬ ጠየቅኋት። የአርአያዋን ታሪክ ጎዶሎ እንዳታውቀው ሰግቼ ነበር። «ከዚያ በኋላ ተመልሳ ወደ እርሱ እንደሄደች ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አውቃለሁ አክስቴ» አለችኝ። «የመረጥኳት ተመልሳ ስለሄደች ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ፊቴን አይታ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳልጠይቃት ቀጠለች። «አንዲት ጓደኛ አለችኝ። እናቷን አባቷ ይመታታል። ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ሰዉ ሁሉ ‹ሞኝ ናት፣ ወዳ ነው የምትመታው› ይላታል፤ ጓደኛዬም በእናቷ ታፍራለች። ሪሃና ግን ሞኝ አይደለችም። ገንዘብ አላት፣ ዝና አላት፣ ጠባቂ አላት። እርሷም ተመለሰች። በኋላ ደግሞ ወጣች። ስለዚህ የጓደኛዬ እናት ሞኝ አይደለችም ማለት ነው። ልትወጣም ትችላለች ማለት ነው።»

እንከን የሌለበት ሰው የማይሰጠው ነገር

ይህን መልስ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አንዲት ልጅ በጓደኛዋ ቤት የሚሆነውን ነገር ለመረዳት የሚያግዛት ሰው ስትፈልግ በአካባቢዋ ካሉት የተከበሩ ሰዎች መካከል አላገኘችም። እኛ ለልጆች አርአያ ብለን የምናቀርባቸው ሰዎች ታሪካቸው ተጣርቶ፣ ጉድፉ ተነቅሶ የቀረበ ነው፤ ሐኪሟ አትመታም፣ የጠፈር ተመራማሪዋ ወደ መታት ሰው አትመለስም፣ ታጋዩ ሚስቱን ሲበድል አይታይም። ከእነርሱ መካከል መከራ የደረሰበት እንኳ ቢኖር፣ መከራውን በአንድ ቆራጥ ውሳኔ አሸንፎ የወጣ ሆኖ ነው የሚተረከው። እንዲህ ባለው ታሪክ ውስጥ የጓደኛዋ እናት ቦታ የላትም። እንዲያውም ተረቱ በተዘዋዋሪ ይከሳታል፤ «እነ እገሊት ወጡ፣ አንቺ ለምን አልወጣሽም?» ይላታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወት ዘመኗ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ይደርስባታል፤ አብዛኛውን ጊዜም አጥቂው የትዳር ወይም የፍቅር አጋሯ ነው። እንዲህ ያሉ ሴቶችን የሚረዱ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚናገሩት ነገር ቢኖር አንዲት ሴት አንድ ጊዜ ወጥታ በዚያው የምትቀረው ከስንት አንድ ጊዜ መሆኑን ነው። ብዙዎቹ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። መመለሳቸው ከፍርሃት፣ ከገንዘብ እጦት፣ ከልጆች፣ ከተስፋ፣ ከእፍረትና፣ መሸሸግ የሌለበት ነገር ነውና፣ ከፍቅርም የሚመጣ ነው። ይህን እውነት በአደባባይ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው፤ የተናገረ ሰው ክብሩን ያጣልና።

ሪሃና የሆነችው ይህንን ነው። ከድብደባው ሳምንታት በኋላ ተመልሳ ነበር፤ ከዚያም ተለየችው። በኖቬምበር 2009 ለአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን በሰጠችው ቃለ ምልልስ ለምን እንደተለየችው ስትናገር የራሷን ሕመም ብቻ አላነሳችም። በፍቅር የወሰደችው ራስ ወዳድ ውሳኔ አንዲትን ወጣት ልጅ ለሞት ሊዳርግ እንደሚችል ሲገባት ሰላም እንዳጣች፣ «ተመለሱ» ብላ ለነገረቻቸው ልጆች ተጠያቂ ለመሆን እንዳልቻለች ነው የገለጸችው። ሐሳቧ እዚያው ላይ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩ ለመማሪያ መጽሐፍ የሚመች በሆነ ነበር። አላበቃም። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ዳግም ከሰውየው ጋር ታረቀች፤ በ2013 እንደገና ተለያዩ። በ2015 ቫኒቲ ፌር ለተባለው መጽሔት ስትናገር፣ ልትለውጠው እንደምትችል አምና እንደነበር፣ ምናልባትም እንዲህ ያለውን ነገር ለመሸከም የተፈጠረች ጠንካራ ሴት እንደሆነች አስባ እንደነበር አስረድታለች።

እህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት «ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ለእርሷ ታሪኩ ክስ ነው። እኔ ግን ያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር፣ ለመሸከም የተፈጠርኩ ጠንካራ ሴት ነኝ የሚለው፣ ስንት ሴት በልቧ ይዛው ለማንም ሳትነግር እንደኖረችበት ሳስብ ልቤ ይሰበራል። ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ስንል እንኖራለን፤ አርአያ በምንመርጥበት ጊዜ ግን የማይጨስ እንጨት እንፈልጋለን። ልጅቷ የመረጠችው ጢሱ የሚታይ ሰው ነው። ለጓደኛዋ የሚጠቅማትም እንዲህ ያለው ነው።

ሕፃናቱ ያዩት መጨረሻ

ይህን ብዬ እዚህ ላይ ብቆም የእህቴን ሥጋት ማቃለል ይሆንብኛል። የእርሷ ሥጋት በዋናነት ስለ ሦስተኛው ገጽ አልነበረም። ስለ ልብስ፣ ስለ ፎቶግራፍ፣ ስለ ገላ ነበር። በ2014 ሪሃና የአሜሪካ የፋሽን ዲዛይነሮች ማኅበር ሽልማት ልትቀበል ስትመጣ የለበሰችው ቀሚስ ከ200,000 በላይ ክሪስታሎች የተነጠፉበት ቢሆንም ሰውነቷን ያሳይ ነበር። እህቴ ይህን ፎቶግራፍ ልጇ ስልክ ላይ አይታዋለች። «ነገ ይህንን ብትለብስስ?» ስትለኝ ፌዝ አልነበረባትም፤ ፍርሃት ነው የነበረባት።

በ1961 አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 72 ሕፃናትን አሳትፎ ባደረገው ሙከራ፣ አንድ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች ራሳቸው ያንኑ ሲያደርጉ ተመለከተ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። ለእኔ የበለጠ የሚነግረኝ ግን በ1965 ያሳተመው ተከታይ ጥናት ነው። በዚህኛው ልጆቹ የሚያዩት ፊልም መጨረሻው የተለያየ ነበር፤ አንዳንዶቹ ደብዳቢው ሲመሰገን፣ አንዳንዶቹ ሲቀጣ፣ ሌሎቹ ደግሞ ምንም ሳይደረግ ሲቀር አዩ። ሲቀጣ ያዩት ልጆች ያዩትን የመድገም ዝንባሌያቸው አነሰ። ነገር ግን ያያችሁትን ለደገማችሁ ሽልማት አለ ሲባሉ ልዩነቱ ጠፋ። ሁሉም ተምረውት ነበር። ያልደገሙት ስላልተማሩት ሳይሆን መጨረሻውን ስላዩ ነው።

ከዚህ የምረዳው አንድ ልጅ ከሚያየው ሰው ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን የድርጊቱን መጨረሻም እንደሚወስድ ነው። የታዋቂ ሰው ችግር ደግሞ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ልጁ የሚያየው መጨረሻ የእርሱ መጨረሻ አይሆንም። ያንን ቀሚስ የለበሰችው ሴት ቀሚሱን በታወቀ ዲዛይነር ተለክታ አሠርታ፣ በጠባቂዎች ተከብባ ገብታ፣ በጭብጨባ መካከል ሽልማቷን ተቀብላ፣ በተዘጋጀላት መኪና ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ፎቶግራፎቹን ሊያጣጥል የሚነሣ ቢኖር ጠበቃ አላት፤ ቢያሾፍባት ገቢዋ አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን በዚያው መንፈስ የተነሣችውን አንድ ፎቶግራፍ ለአንድ ልጅ ብትልክ በማግስቱ በክፍሉ ሁሉ ስልክ ላይ ልታገኘው ትችላለች፤ ጠባቂ የላትም፣ ጠበቃ የላትም፣ ትምህርት ቤትም መቀየር ሊኖርባት ይችላል። ድርጊቱ አንድ፣ ዋጋው ሁለት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ልክ ነው፤ ጥምጣሙ ከርቀት ያምራል፣ ለመጠምጠም ያበቃው ግን ከርቀት አይታይም።

ስለዚህ እህቴ ልክ ናት እላለሁ፤ ግን እስከዚህ ድረስ ነው። ለራሴ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ተለወጠ። «ይህች ሴት መልካም ናት ወይ?» ከማለት ይልቅ «ያደረገችው ነገር ገንዘቧ፣ ጠባቂዋና ጠበቃዋ ቢወሰዱባት መልካም ሆኖ ይቀራል ወይ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ቀሚሱ በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ ቢያንስ ለልጅ ይወድቃል። ተደብድቤያለሁ ብሎ መናገር ግን ያልፋል፤ ያለ ጠባቂም መናገር ያድናል። ለረዥም ጊዜ ችላ የተባሉ ደንበኞችን ማሰብ ያልፋል። አያትን አለመርሳት ያልፋል። የሚገርመው፣ ይህንን ፈተና አስቀድማ ያነሳችው ራሷ ሪሃና ናት፤ በ2009 እርሷ ያደረገችውን ሌላዋ ልጅ ብታደርገው ልትሞት እንደምትችል ስትናገር እኔ ከብዙ ማሰብ በኋላ የደረስኩበትን ልዩነት ነበር የተናገረችው። በሃያ አንድ ዓመቷ።

ከጉርዱ እስከ መካነ መቃብሩ

በኖቬምበር 2021 መጨረሻ ላይ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ይህን ያህል የሚደንቀኝ አጋጣሚ የለም። ባርቤዶስ የእንግሊዝን ንግሥት ከርእሰ ብሔርነት አንሥታ ሪፐብሊክ በሆነችበት ሌሊት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያ ሞትሊ ሪሃና የአገሪቱ ብሔራዊ ጀግና እንደምትሆን አወጁ። ይህን ማዕረግ ከእርሷ በፊት ያገኙት አሥር ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ከእነርሱም ሴቷ አንዲት ነበረች። በኖቬምበር 30 ደግሞ ፈረንሳይ ታላላቆቿን በምታሳርፍበት በፓሪሱ ፓንቴዮን ጆሴፊን ቤከርን አስገባች። ወደዚያ የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

ጆሴፊን ቤከር ሪሃና ከመወለዷ ከስድሳ ዓመት በላይ ቀድማ፣ በ1926፣ ሙዝ መሰል ጌጥ የተንጠለጠለበት ጉርድ ብቻ ታጥቃ በፓሪስ መድረክ ላይ የጨፈረች ሴት ናት። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በድህነት የተወለደች ጥቁር ልጅ ነበረች። ዝናዋ የመጣው ከዚያ ጉርድ ነው፤ ጉርዱም አስቆጥቷል፣ እስከ ዛሬም ያከራክራል። ነጭ ተመልካች ስለ አፍሪካ የነበረውን የተዛባ ምስል መገበች የሚሏት ሰዎች አሉ፤ ይህን ክርክር አላቃልለውም። ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ መረጃ አገልግሎት ስትሠራ ምስጢሮችን በማይታይ ቀለም በሙዚቃ ኖታዎቿ ላይ ጽፋ ድንበር ያሻገረችው ያችው ሴት ናት። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው በሚቀመጡበት አዳራሽ አልዘፍንም ብላ እምቢ ያለችው፣ በኦገስት 28፣ 1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ የነጻይቱን ፈረንሳይ ወታደራዊ ልብስ ለብሳ ንግግር ያደረገችውም ያችው ናት።

እዚህ ላይ ቀላል መንገድ አለ፤ «በወጣትነቷ አጠፋች፣ በኋላ ተካሰች» የሚል። ብዙ ሰው ጆሴፊን ቤከርን የሚያነብባት እንዲህ ነው። እኔ አልስማማም። ጉርዱና ጀግንነቱ ከአንድ ምንጭ የመነጩ ይመስሉኛል። ሰው ምን ይለኛል ብላ የማትሸማቀቅ ሴት መሆኗ ነው መድረክ ላይ ያወጣት፤ ያው አለመሸማቀቅ ነው በጠላት ወታደሮች ፊት ኖታዋን ይዛ ያሳለፋት። ማንም የምሽት መዝናኛ ሴት ሰላይ ናት ብሎ አልጠረጠራትም፤ ዝናዋ ራሱ መሸፈኛዋ ነበር። የዛሬዋ ልጅ ጉርዱን ብትወስድ በኔ ፈተና ይወድቅባታል። አለመሸማቀቁን ብትወስድ ግን ለዕድሜ ልክ ይበቃታል።

ይህ ሁሉ አነጋጋሪ ሙዚቀኛ በመጨረሻ ጀግና ይሆናል ማለት አይደለም። የናይጄሪያው ፌላ ኩቲ በወታደራዊ መንግሥት ፊት ያሳየው ድፍረት ወደር የለውም። በፌብሩዋሪ 1977 ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች መኖሪያ ግቢውን ወርረው አቃጠሉት፤ አረጋዊት እናቱን ከፎቅ መስኮት ወረወሯቸውና በ1978 ሞቱ። ከዚህ ሁሉ በኋላም አልተንበረከከም። በዚያው በ1978 ግን በአንድ ቀን 27 ሴቶችን አገባ፤ ኤድስ የሚባለውንም በሽታ እስከ መጨረሻው አላምንም ብሎ ኖሮ በ1997 በዚሁ በሽታ ምክንያት ሞተ። የሞቱን ምክንያት ለሕዝብ በግልጽ የተናገሩት የቀድሞው የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ወንድሙ ኦሊኮዬ ራንሰም ኩቲ ናቸው። የፌላ ድፍረት አምባገነንን ሲጋፈጥ ሰው አዳነ፤ ሐኪምን ሲጋፈጥ ግን ራሱን ገደለ። እርሱን በሙሉ እንደ አንድ ነገር የሚውጥ ወጣት ሁለቱን አብሮ ይውጣል። ስንዴውን ከእንክርዳዱ ለይ ብሎ የሚቀመጥለት ሰው ከሌለ፣ የፌላ ሙዚቃ ጎጂ ነው የሚሉትን ሰዎች ክፉ ልላቸው አልችልም።

አርአያ አልሆንም ያለችው

አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፤ ሪሃና ራሷ ይህን ሸክም አልፈለገችውም። በ2011 ያወጣችው አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ የተደፈረች ሴት አጥቂዋን በጥይት ስትመታ ያሳይ ስለነበር በአሜሪካ የቴሌቪዥን ይዘትን የሚከታተል የወላጆች ምክር ቤት ተቆጣ። መልሷ ግልጽ ነበር፤ የሃያ ሦስት ዓመት ዘፋኝ እንደሆነች፣ ልጅ እንደሌላት፣ ልጆችን ማሳደግ የሙዚቃ ኢንዱስትሪው ሥራ እንዳልሆነ ተናገረች። በ2013ም እንዲሁ አርአያነት ተወዳድራ የጠየቀችው ሥልጣን እንዳልሆነ ጻፈች።

ብዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ኃላፊነትን መሸሽ ይሉታል። ከፊል እውነት አለበት፤ ከወጣቶች ገንዘብ የሚያተርፍ ሰው ወጣቶች እንደሚያዩት አላውቅም ሊል አይችልም። ይሁን እንጂ በውስጡ ያለውን እውነት መስማት ከበደን እንጂ ትክክል ነው። ልጅን ከድምፃዊቷ ጋር ብቻዋን ትቶ ድምፃዊቷን መክሰስ ፍርድ አይደለም። የእህቴ ልጅ ሦስተኛውን ገጽ ስትጽፍ ያነበበላት ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ስለ ጓደኛዋ እናት ያወቅነው ያኔ ነበር። ድርሰቱን የመለሱት መምህር ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ ስሙን አይተው ደነገጡ። እኔም ስሙን ብቻ ብሰማ ኖሮ እደነግጥ ይሆናል። ነገር ግን የአንድ ልጅ አርአያ አነጋጋሪ ሴት ሆና ስትገኝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ከእርሷ ምን ወሰድሽ?» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። መልሱ «ቀሚሷን» ከሆነ አንድ ዓይነት ንግግር ይኖራል። መልሱ «መመለሷን» ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ፣ በጣም አጣዳፊ ንግግር ነው።

ለልጅቷ ሰውየዋን ሳትቀይር አንድ ገጽ እንድትጨምር ሐሳብ አቀረብኩላት፤ ከሪሃና የማትወስደውን ነገር የምትጽፍበት ገጽ። ተስማማች። ቀሚሱን ጻፈች፣ ሲጃራውን ጻፈች፤ ከዚያ በላይ አላስቸገረችኝም። እህቴ ግን አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። «መመለስ ምንም አይደለም ብላ እንዳትማር ነው የምፈራው» አለችኝ። «ያቺ ሴት ብትመለስና ቢገድላትስ?»

ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነበር፤ የቀረበውም በልጅቷ ፊት ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሳልሸፍን ነገርኳት። ሪሃና ተመልሳ በሕይወት የወጣችው የራሷ ቤት፣ የራሷ ገንዘብና በር ላይ የሚቆም ጠባቂ ስለነበራት ጭምር መሆኑን፣ ብዙ ሴቶች ለሁለተኛ ጊዜ ለመውጣት ዕድል እንደማያገኙ፣ ከሁሉም የሚያሰጋው ጊዜ ደግሞ ሴቲቱ ልትወጣ የወሰነችበትና የወጣችበት ሰሞን እንደሆነ ገለጽኩላት። መመለሷ ሞኝነት አይደለም፤ አደጋ ግን ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው አልኳት። ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፣ ሪሃና የነበራት የጓደኛዬ እናት የሌላት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እህቴ ወንበር ስባ አጠገባችን ተቀመጠች። ሦስታችንም አንድ በአንድ ቆጠርነው፤ በእጇ የምታዝበት ጥቂት ገንዘብ፣ ከነልጇ ሌሊት የምታድርበት ቤት፣ የልደት ምስክር ወረቀቶቹንና መታወቂያዋን ሰው ዘንድ ማስቀመጥ፣ ሕጉን የሚያውቅ ሰው፣ እኩለ ሌሊት ስትደውል «ደግሞ ተመለስሽ?» ሳይል ስልኩን የሚያነሣ ሰው። የመጨረሻውን ያለችው እህቴ ናት። በማግስቱ ልጇን ይዛ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደችና፣ ባልየው ሥራ ላይ እያለ፣ ስልክ ቁጥሯን ሰጠቻት።